ዮዮዬና የአባባ ያላለቀ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ስማር፣ ከዮዮ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረም። ዮዮዬን የሠሩልኝ አባባ ናቸው፤ የእናቴ አባት፣ ያሳደጉኝ ሰው። ዕድሜያቸውን በብርድ ልብስ ሥራ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት የተሰበረ የክር ማጠንጠኛ እንጨት ነበር። የእንጨቱን ሁለት ክብ ጫፎች በመጋዝ ቆረጡና በሚስማር አጋጥመው፣ መሃሉ ላይ የሱፍ ክር ጠምጥመው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ሲሽከረከር መብራት የሚያበራውን የሱቅ ዮዮ ነበር የጓጓሁለት፤ አኮረፍኩ። «ያዢ እንጂ! ደግሞ ታኮርፋለች እቴ!» አሉኝ። ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ከእጄ የሚያስጥለኝ ጠፋ።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤታችን የሳይንስ አውደ ርዕይ አዘጋጀና እያንዳንዱ ተማሪ የፕሮጀክት ሐሳብ እንዲያመጣ ታዘዘ። የክፍሉ ልጅ ሁሉ እሳተ ገሞራ ሊሠራ ተስማማ። እኔ ግን በዮዮ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እማዬ ያኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረች፣ ማታ ማታ ቤት የምንቀረው እኔና አባባ ነበርን። የደብረ ብርሃን ብርድ በበሩ ስር እየሾለከ ሲገባ ከሰሉን አቀጣጥለን፣ ጋቢያቸውን ለሁለት ለብሰን፣ መብራት ከጠፋም ሻማ ለኩሰን እንቀመጣለን፤ የከሰሉ ጭስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ የፍሙ ቅላት ፊታቸው ላይ እየተጫወተ፣ እሳቸው ይተርታሉ፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። በነዚያ ምሽቶች ነው የፕሮጀክት ሐሳቦቼን አንድ በአንድ ያቀረብኩላቸው። የሱፍ ክር ይሻላል ወይስ የናይለን? ከባዱ ዮዮ ይበልጣል ወይስ ቀላሉ? ብርድ ላይ ያደረ ዮዮና ምድጃ ዳር የሞቀ ዮዮ እኩል ይሽከረከራሉ ወይ? አባባ አንዱም አልጣማቸውም። «ብርድ ላይ ካደረማ እንኳን እንጨት እኔም አልሽከረከር!» ብለው ሳቁና ሳሉ። ያኔ ሳላቸውን የቤታችን ድምፅ አድርጌ ነበር የምሰማው።

አንድ ማታ እጄን ሳላንቀሳቅስ ዮዮውን ዝም ብዬ ለቀቅኩት። ወረደ፣ ወጣ፤ እጄ ላይ ግን አልደረሰም። እንደገና ወረደ፣ አሁንም ዝቅ ብሎ ቀረ። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ ክሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። «አባባ፣ የቀረው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ይኸውልሽ ፕሮጀክትሽ!» አሉ።

ከማገሩ ላይ አንጠለጠልነው፤ በየመውጣቱ የደረሰበትን በከሰል ግድግዳው ላይ ምልክት አደረግን። እማዬ ግድግዳዬን አበላሻችሁ ብላ ጮኸች፤ እኛ ምን ገዶን! በማግስቱ መምህሬን ስጠይቅ ሰበቃ ነው አለኝ፤ ክሩና እንጨቱ ሲፋተጉ፣ ከአየሩም ጋር ሲታገል፣ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እየሮጥኩ መጥቼ ለአባባ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስም ማውጣትማ ማንን ያቅታል? ቆይ እኔ ልንገርሽ» ብለው ያንን ተረት ጀመሩ።

ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ ነበረች። እሳታቸው ጠፍቶ፣ እናት ልጇን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ትልካታለች፤ ፍም ለምና እንድታመጣ። ልጅቷ ታች ወርዳ በገል ሙሉ ፍም ይዛ ዳገቱን ትያያዘዋለች፤ አፋፉ ላይ ስትደርስ ግን ገሉ ጎድሏል። ፍሙ አልወደቀም፣ አመድም አልሆነ። በሚቀጥለው ቀን ትወርዳለች፣ ደግሞ ከትናንቱ አንሶ ይመጣል። አባባ በየማታው አንድ መውረድና አንድ መውጣት ብቻ ነበር የሚነግሩኝ። ተረቱም በየማታው እያጠረ፣ በመሃልም ሳላቸው እያቋረጣቸው ሄደ፤ እኔ ደግሞ ሊያጓጉኝ ሆን ብለው የሚያሳጥሩት መስሎኝ እነጫነጫለሁ። የዮዮውን ከፍታ በየቀኑ ስለካ፣ የሳቸው ትንፋሽ እንዲያ ዝቅ ዝቅ ሲል አንድም ቀን አልታየኝም። ልጅ ምን ያያል!

በአውደ ርዕዩ ዋዜማ ልጅቷ ባዶ ገል ይዛ መጣች። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆማ «የት አደረስሽው?» አለቻት። አባባ እዚያ ላይ ሳል ያዛቸው፤ ቶሎም አልለቀቃቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። «ነገ ማታ» አሉኝ በእጃቸው።

ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ዮዮዬን ኪሴ ከትቼ አልጋቸው አጠገብ ሄድኩና መጨረሻውን ብቻ ንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዳኞቹ ይጠይቁኛላ! አባባ ግን በአንድ ነገር አይደራደሩም፤ ተረት በቀን አይወራም። «ቀን የሚተርት ሰው ጅራት ያበቅላል። በዚህ ዕድሜዬ ጅራት እየጎተትኩ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ? ማታ ነይ፣ እጨርስልሻለሁ። ደግሞ እንጨቴን እንዳታሰድቢው፣ አደራ!» አሉና ጉንጬን ቆንጠጥ አደረጉኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

አውደ ርዕዩ ላይ የኔ ጠረጴዛ ከእሳተ ገሞራዎቹ መሃል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ዳኛ ሴትዮ ዮዮዬን አይተው፣ ልኬቴን አይተው፣ «የቀረው ጉልበትስ የት ሄደ?» አሉኝ። የመምህሬን መልስ በቃሌ አልኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሌላውን ግን ማታ ነው የምሰማው» ብዬ ጨመርኩ። ዳኞቹ ሳቁ። ሁለተኛ ወጣሁ።

ሰርተፍኬቴን እንዳይታጠፍ በሁለት እጄ ይዤ በባጃጅ ወደ ቤት ስመጣ፣ መታጠፊያው ጋ የእድራችን ሰዎች የድንኳን ብረት ሲያወርዱ አየሁ። የማን ቤት ይሆን ብዬ አዘንኩ። ትንሽ ቀረብ ስንል እትዬ በለጡን አየኋቸው፣ ጎረቤታችንን፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ የቆሙትም የኛ በር ላይ ነው። ገና አልመሸም ነበር፤ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መሬት ላይ ተቀምጣ እጆቿን ዘረጋችልኝ። ሌላው ሰው በወጉ ሲያለቅስ እኔ «ተረቱን! ተረቱን ሳይጨርሱልኝ!» እያልኩ ነበር የምጮኸው። ልጅቷ በድንጋጤ ቀወሰች ብለው ውኃ ረጩብኝ።

አሁን እኔው ራሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የአውደ ርዕይ ሰሞን ሲደርስ ተማሪዎቼ ሐሳብ አጣን እያሉ ይመጣሉ፤ ዮዮ የሚመርጥም አይጠፋም። የቀረው የት እንደሚሄድ አሳምሬ አስረዳለሁ፤ ሙቀት ይሆናል፣ ክሩ ውስጥ፣ አየሩ ውስጥ። ብቻዬን ስሆን ግን ያንን ዮዮ ካሽከረከርኩት በኋላ የሱፍ ክሩን በጣቶቼ ጨበጥ አደርገዋለሁ፣ ሙቀቱን ባገኘው ብዬ። አግኝቼው አላውቅም። ልጅቷ ፍሙን ዳገቱ ላይ ብርድ ለመታቸው ሰዎች እየሰጠች ይሆናል የምትመጣው እላለሁ ለራሴ። ጥሩ መጨረሻ ነው፤ የአባባ ግን አይደለም። የሳቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም፣ የማውቅበትም ቀን አይመጣም፣ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

ለልጄ ተረት የምነግራት በጠራራ ፀሐይ ነው። ልብስ ሳጥብ፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ጠዋት ጸጉሯን ስሠራት፣ ጀምሬ ሳልጨርስ አልነሳም። እማዬ ትሰማኝና፣ «አንቺ ሴት፣ በቀን! ጅራት ሊበቅልብሽ ነው!» ትለኛለች።

ይብቀልብኝ።