እንግዳ የጠፋበት ቤት

«በገዛ ወንድሜ ልጅ ቤት እኔ እንግዳ? ይቺን ሕፃን እትብቷ ሳይደርቅ ያቀፍኳት ሴትዮ፣ እኔ፣ እንግዳ ልሁን?»

ኤዶ ሙሉሆ ናቸው፤ የዓንበሮ ባል አክስት፣ ኤዶ የምንላቸውም ለዚሁ ነው። ሲቆጡ ድምፃቸው በአፍንጫ ነው የሚወጣው፤ አፉን እንደያዙት ፍየል።

«ኤዶ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ እኮ ነው» ትላለች ዓንበሮ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ። «መጽሐፉ እንግዳ ሰው ይግባ ይላል።»

«መጽሐፉን ማን ወለደው? የማን ዘር ነው እኔን ከቤት የሚያስወጣኝ?»

ከዓንበሮ ጋር ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን አሥራ ሰባት ዓመት ኖረናል። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ በጠዋት የግመል ወተት ትሸጣለች። ከሰዓት ግን ያንን ሰፊ ሻርፗን ተከናንባ፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ዩኒቨርሲቲ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሳይኮሎጂ። ሰፈሩ ያልሳቀው ሳቅ የለም። እኔም ስቄያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በልጇ በሸርማርኬ ነው። እስከ አራት ዓመቱ አንድ ቃል አልወጣውም። አንዷ ዓይን በልቶታል አለች፣ አንዷ ምላሱ ታስሯል አለች፣ እኔ የእናቱን ወሬ ሰምቶ ጠግቦ ነው አልኩ። እሱ በአምስተኛው ዓመት ድንገት ጀመረና ይኸው እስካሁን አላቆመም። እሷ ግን ያ ሁሉ ቃል የት ቆይቶ እንደመጣ ሳላውቅ አልሞትም ብላ ተመዘገበች።

አሁን ጭንቋ ይሄ ነው። ይሄንን የሕፃናት ትምህርት ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛ ከወደቀች መባረር ነው። የምትሠራው ደግሞ ቀላል ይመስላል፦ ሕፃን ከእናቷ ጋር ክፍል ታስገቢያለሽ፣ እናት ትወጣለች፣ የማታውቀው ሰው ይገባል፣ ልጅቷ ታልቅስ አታልቅስ ተደብቀሽ ትጽፊያለሽ። ሐሙስ ማስረከብ።

ሕፃን አለ፤ ኡባህ፣ የልጇ የሂቦ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ወሯ። እናትም አለች። እንግዳ ጠፋ!

በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጠውን አስገባች፤ ኡባህ እጇን ዘረጋችለት። ጫት ሻጯን አስገባች፤ ቅጠል ቀማቻት። በመጨረሻ ወደኔ ዞረች። «አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ ከድሬዳዋ ነሽ። የውጭ አገር ሰው ነሽ።»

ተቀየምኩ። ግን ገባሁ። ኡባህ ጉትቻዬን ይዛ እስክታስለኝ ሳቀች። ደስ አለኝ፤ ዓንበሮ ግን ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እንግዳ አጣሁ» አለች። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ዋርሰሜ፣ ካምፓላ ተምሮ የመጣ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ፣ አልሳቀም። «እኔ እመጣለሁ» አለ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ከነከረባቱ መጣ። ገና ጫማውን ሲያወልቅ ኤዶ ሙሉሆ ያዙት።

«የማን ልጅ ነህ?» ነገራቸው። «እናትህስ? የእናትህ አባት?»

«ዱዓሌ ቡራሌ።»

«ቡርዖ ከተማ ሱቅ የነበረው? አንካሳው?»

«አዎ፣ አያቴ ነው።»

«ውይ! አያትህ እኮ የእናቴ የእህት ልጅ ነው!» እልልታ! ግንባሩን ሳሙት፣ ሩዝና የፍየል ሥጋ ከነሙዙ ፊቱ ተዘረገፈ።

ዓንበሮ ራሷን ያዘች። «ኤዶ፣ ጨረሱኝ! ስንት ለፍቼ አንድ እንግዳ ባገኝ ዘመድ አደረጉብኝ!»

«ሕፃኗ አልሰማችም» አለ መምህሩ ሩዝ በሞላው አፉ። «እንቀጥል።»

ቀጠልን። ሂቦ ወጣች። እኔና ዓንበሮ ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ አልን፣ እሷ ሰዓትና ደብተር ይዛ።

ያን ሰዓት ሐርጌሳን ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ከተማው ራሱ ጋደም ይላል። መጋረጃው ይነፋል፣ ይረግባል። ከመስኮቱ የገባችው ጨረር ውስጥ አቧራው ቀስ እያለ ይዋኛል። ኡባህ መምህሩን አየችው፣ አየችው፣ እየዳኸች ሄደች፣ የከረባቱን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። እሱ ወደ በሩ አየ። «ሂቦ?» አለ በሹክሹክታ። ማንም የለም። ሂቦ ውጭ ጥላው ሥር እንቅልፍ ወስዷታል። ኤዶም እዚያው ሰሃኑ አጠገብ ተኝተዋል። ልጅቷ ጭኑ ላይ ወጣች፣ ተጠቀለለች፣ ዓይኗ ተከደነ። እሱ እንዳትነቃ ትንፋሹን ዋጠ። ቆይቶ ጭንቅላቱ ወደ ግድግዳው ዘመመ፤ ከዚያ ማንኮራፋት፣ እንደ ሩቅ ጄኔሬተር።

ከማንኮራፋቱ ሌላ የዓንበሮ እስክሪብቶ ብቻ ይሰማል።

«ሸርማርኬ ዝም ባለ ጊዜ ቤቱ እንዲህ ነበር» አለችኝ በጆሮዬ። «እንዴት እፈራው እንደነበር! አሁን ደግሞ ደስ አለኝ፤ አትቀስቅሺብኝ።»

እኔም ሸለብ ያደረገኝ መሰለኝ። የግመል ወተት ሽታ ባለው ደመና ላይ ስንሳፈፍ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከነምንጣፉ ሲከተለን አየሁ።

የዓስር ሶላት አዛን ቀሰቀሰን። መምህሩ እግሩ ደንዝዞ፣ ከረባቱ በምራቅ ርሶ ተነሳ። «ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«ዘጠና አምስት» አለች ዓንበሮ። ወረቀቱን ከደብተሯ ቀድዳ ሰጠችው። የጻፈችውን አውቃለሁ፣ አጮልቄ አይቻለሁ፦ «ልጅቷ አላለቀሰችም። እናት ፍለጋ በር በር ያየው እንግዳው ነው። እሱም ቆይቶ ተረጋጋ።»

በረንዳው ላይ ቆሞ አነበበው። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ዓንበሮ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ይሄንን ስጽፍ አገኘችኝ። ወደ ሶማሊኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ከኤዶ ጀምሮ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ቆየች፣ ማንኮራፋቱ ጋ ስደርስ ቀጥ አለች።

«ይሄንንም ጻፍሽው? አባዮ፣ ነካ አድርጎሻል? ማርኩ ነገ ነው የሚወጣው! ወሬው ጆሮው ቢገባ በምን ዓይኑ ያሳልፈኛል? ሦስተኛ ስወድቅ አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ? ወዲህ በይ እስክሪብቶውን። አሁንም ትጽፊያለሽ? እኔ እያወራሁ? በቃ፣ አትጻፊ አልኩሽ!»