መዶሻ ያልተነሳበት ሰኞ

ያን ጊዜ ገበሬ ማኅበራችን አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረችው፤ ከባለርስት የተወረሰች። መንገድ ሥራ ካምፕ ሳለሁ ያየሁትን ይዤ እነዳታለሁ፣ ስትበላሽም ጓሮዬ አስገብቼ አበጃታለሁ። ንባቤ ፊደል እየቆጠርኩ ነው፤ ብረት ግን አውቃለሁ እል ነበር።

አንድ ሳምንት ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ብረት አውርጄ አጠብኩና ክሮቸራውን፣ መስቀል መሳዩን ማጠፊያ ማለቴ ነው፣ በአዲስ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ስትፈጥን ወለሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። እሁድ ከደርግ የተመደበልን ካድሬ ተሳፍሮ ጥርሱ ተንገጫገጨ።

«ጤነኛ መኪና ነው የሰጠንህ» አለኝ። በዕድሜ እጥፉ ነኝ፤ አንተ ነው የሚለኝ። «ማክሰኞ ሞላሌ ስብሰባ አለኝ። ያን ቀንም እንዲህ ከሆነች፣ አሻጥር ነው ብዬ ነው የምጽፍብህ።»

አሻጥር ተብሎ የተጻፈበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ እናውቃለን። የቀረኝ ሰኞ ብቻ ነው። ሰኞ ደግሞ ማርያም ዋለች።

«በማርያም ቀን መዶሻ ልታሰማ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«መዶሻ አላነሳም።»

«ብረት መፍታቱስ ሥራ አይደለም?»

«እሱን እኔና ማርያም እንነጋገራለን።»

«እሷስ ታልፍህ ይሆናል። ጎረቤት ነው የማያልፍህ» አለችና የጓሮውን በር ዘጋችው።

ብሎኖቹን ፈትቼ ብረቱን አጎዛ ላይ አስተኛሁት። ጥፋቱ የክሮቸራው ነው ብያለሁ። እሱን ለማውጣት ደግሞ መምታት ያስፈልጋል። እጄ ወደ መዶሻው ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። ቁጭ ብዬ በእጄ አገላበጥኩት፤ አይወላልቅም፣ አይነክስም። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ በአጥሩ በኩል ሲመጣ ጋቢዬን ጣል አደረግኩበት።

አልፈው ጋቢውን ስገልጥ ነው ያየሁት። የብረቱ ሁለት ጫፎች ሹካ ናቸው። አንዱ ሹካ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፣ ሌላው ዘመም ብሏል፤ እንዲህ ተዛንፎ ሲዞር ነው የሚያንቀጠቅጣት። ብረቱ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ በጥርስ ይገባል። ለማጠብ ስለያየው ምልክት አላደረግኩም፤ ስመልሰውም እንዳገኘሁ ነው የከተትኩት። መዶሻ ባነሳ ኖሮ ደህናውን ክሮቸራ ሰብሬ አርፍ ነበር።

ሳብኩት፤ ሁለቱ ሹካዎች እኩል እስኪተኙ አዙሬ መልሼ ከተትኩት።

ማክሰኞ ሜዳው ላይ ስንደርስ ነዳጅ ሰጠኋት። ካድሬው ጉልበቱን ይዞ ይጠብቃል። ወለሉ ዝም አለ።

«ምን ሆና ነበር?»

መንገዱ ነው በለው ብላኛለች ባለቤቴ።

«እኔ ነኝ አጣምሜ የገጠምኳት» አልኩ።

«ይኼን ለእኔ ትነግረኛለህ?»

«ጠየቅኸኛ።»

ደብተሩን አወጣ። እስከ ሞላሌ ጉልበቱ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ሲጽፍ ግን አላየሁም። ይዞት ወደ ስብሰባው ገባ። እኔ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ በሁለቱ ቁራጭ ላይ በሞረድ ምልክት አደረግኩ፤ እኔ ባልኖር እንኳ ሌላ የሚፈታት እንዳይሳሳት።

ወደ አሥር ሰዓት ወጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። «እንሂድ» አለ።

«ወደ ቤት?» አልኩት።

«ታዲያ ወዴት ሊሆን ነው?» አለና ኮቱን ተከናንቦ ተኛ።