ምስር ላይ የፈሰሰው መርጃን

ንገሪን ብለው የያዙኝ ልጆቹ ናቸው። ከሁሉም የባሰችው የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፤ ሠርጓ ደርሷል፣ ስልኳ ከእጇ አይወርድም። ባለፈው እሑድ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ "እምዬ፣ ይቺን እይልኝ፤ እውነተኛ መርጃን ናት?" እያለች ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ነጭ ሳህን ላይ የተጠቀለለ ቀይ ዶቃ ነው፤ ቀይ ብቻ ሳይሆን የሚፋጅ ቀይ።

"ከዚህ ላይ ቀለሙን ማወቅ አይቻልም" አልኳት።

"ዕድሜሽን ሙሉ መርጃን ሸጠሽ የለ እንዴ? አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው?"

ስልኩን መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ይሄኔ ነው ሌሎቹን ጠርታ ያስከበበችኝ። እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ካለ ታገሡኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ ብል እነዚህ ይስቃሉ። ግን እኔ በልጅነቴ የተዳርኩ፣ የመጀመሪያ ልጄንም በልጅነቷ የዳርኩ ሰው ነኝ፤ ጉልበቴ ገና ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ምንጣፍ ዘርግቼ ዶቃና ኩል፣ አንዳንዴም የሙሽራ ሽቶ እሸጥ ነበር። ሰሊጥ የሚገባ ሰሞን አገሩ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ አቧራው እንኳ ይጣፍጣል። ከዶቃው ሁሉ የምወደው መርጃንን ነበር። ከባሕር ነው የሚወጣው። ጥርስ ላይ ሲያስነኩት ይቀዘቅዛል፤ የላስቲክ አስመሳዩ አይቀዘቅዝም። መርጃን የሚያውቅ ሰው በጠዋት ጥላ ነው የሚያየው፤ ከክሩ አውልቆ፣ ዘይቱን ጠርጎ፣ ነጭ ነገር ላይ አፍስሶ። ክር ላይ ያለ መርጃን ፊቱን እንጂ ጎኑን አያሳይም።

እናታችን ከጎንደር በእግር ስንመጣ አንገቷ ላይ ያመጣችው አንድ መርጃን ነበራት። በጥቁር የማተብ ክር የተሰካ ነው፤ ቢበጠስ ሁሉም እንዳይፈስ ከእያንዳንዱ ፍሬ በኋላ ቋጠሮ አለው። የኛ አገር ሴቶች እንዲያ ነው የሚሰኩት። አንድ ጊዜ ለጥምቀት ታናሽ እህቴ ዝናሽ እናቷን ላስደስት አለችና፣ የነሐስ ዕቃ ሲታጠብ እንዳየችው፣ መርጃኑን በሎሚና በጨው አሸችው። ሎሚ መርጃንን ይበላል። ያ የሚያበራው ቀይ ጠፍቶ አመድ የነሰነሱበት መሰለ፤ የጾመኛ ከንፈር በሉት። ልጅቷ ስታለቅስ አትጠይቁኝ። እናታችን አልመታቻትም። አንሥታ አንገቷ ላይ አሠረችላትና፣ "በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አይፈልገውም!" ብላ ሳቀች። ዘይት ሲነካው ትንሽ ቀላ ይላል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ያው አመዱ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። እናታችን ስትሞት ዝናሽን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ በልታ ነው ያደገችው።

ኋላ ወጣት ስትሆን ከሰላ ከተማ ሰው ቤት ሥራ አገኘሁ አለች። አትሂጂ አልኳት።

"እትዬ፣ እዚህ የሰው ሰሊጥ ሳጭድ ላርጅልሽ?" አለችኝ።

ኸሪፍ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ሊገባ ሲል ሄደች፤ ዝናቡ ገና ጥቁሩን መሬት ሊጥ ሳያደርገው። መጀመሪያ መጀመሪያ በአሠሪዋ ስልክ ትደውል ነበር። ሰዎቹ ፈሳም ናቸው፣ ምግባቸው በርበሬ የለውም እያለች ታስቀኛለች። ከዚያ ቁጥሩ አልሠራ አለ።

የዚያን ጊዜ በከሰላ በኩል ሰው ይጠፋ ነበር። ወጣቶቹን ከመንገድ ላይ እየጫኑ ወደ በረሃ ይወስዷቸዋል፤ ከዚያ ለዘመድ ይደወላል፤ በስልክ እያስጮኹ ገንዘብ አምጡ ይላሉ። ስንቱ ጎረቤቴ ስልክ ይዞ መሬት ላይ ሲንከባለል አይቻለሁ። ለኔ ግን ማንም አልደወለም። እንዲህ ያለ ስልክ የሚመኝ ሰው ይኖራል? እኔ ተመኘሁ። ስልክ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ዶቃ ጥዬ አነሣለሁ፤ የዶቃ ደንበኛ ነው።

ልፈልጋት አንድ ጊዜ ወጥቼ ነበር። የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው ያለ ተስሪህ፣ ያለ መንገድ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ከከተማው አይወጣም። ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ሁለተኛ ብትያዢ ጭነን ድንበር ላይ ነው የምንጥልሽ አሉኝ። ቤት የተውኳቸው ትንንሽ ልጆች አሉኝ። እንግዲህ የምሄድበትን ሳላውቅ ዳግመኛ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ካላችሁት ነው።

ዓመት ሊሞላው ሲል ራውዳ እየሮጠች መጣች። ራውዳ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ምላሷ ግማሹ ዐረብኛ። እኔን ኻልቲ ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

"ኻልቲ! ተዓሊ፣ ነይ እይ! ይሄ ቋጠሮ ያንቺ አይደል?"

የከሰላ ሴቶች ዕቃ የሚሸጡበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። ሽቶ አለ፣ ሻሽ አለ፣ በመካከሉ አንድ ሀብል መርጃን አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ጥቁር የማተብ ክር። ከፍሬ ፍሬ ቋጠሮ። ምንጣፌ ላይ፣ ዶቃው ላይ ተቀመጥኩ።

"እሷ ናት?" አለች ራውዳ።

"ቋጠሮው የኛ ነው። ግን የኛ አገር ሴት ስንት ናት?" አልኳት። "የዝናሽ አመዳም ነው። ይሄ ቀይ ነው።"

"ስልክ እኮ ቀይ ላይ ይዋሻል፣ ኻልቲ! የኔ ቡኒ ሻሽ በፎቶ ቲማቲም ነው የሚመስለው።"

እውነቷን ነው። ከራሴ ዕቃ አንድ ሀብል አነሣንና በስልኳ ሞከርነው። በረፋድ ብርሃን አንድ ቀለም፣ ከአምፖል ሥር ሌላ ቀለም፣ ደጅ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ። አንድ መርጃን ሦስት ሆነ። ስለዚህ በስልኩ ላይ የሚነደው ቀይ አመድ ሊሆን ይችላል። የቱን እንደምለምን ጠፋኝ። የሷ ከሆነ ዱካዋ ተገኘ፤ ግን ከአንገቷ ወልቋል፤ ማን አወለቀው? የሷ ካልሆነ ምናልባት አንገቷ ላይ አለ፤ ግን የት እንዳለች አላውቅም።

ደውለን ሻጯን እንጠይቃታ አልኩ። ራውዳ እጄን ያዘችኝ።

"አይሆንም! የተሰረቀ ከሆነ ትደነግጣለች። ብሎክ ታደርገናለች፣ ኸላስ፣ አለቀ። ገዢ ነን እንበላት። የሙሽራ ዕቃ ፈልገን ነው እንበል።"

ገዢ ሆንን። ራውዳ በድምፅ መልእክት ጠየቀች፤ ሴትዮዋም በድምፅ መለሰች። ወፍራም፣ ሳቂታ ድምፅ ነበራት። አንገት የሚያሞቅ መርጃን ነው፣ ወላሂ ኦሪጅናል ነው አለች። እኔ በራውዳ ጆሮ አንሾካሾክኩ፤ ራውዳ ወደ ስልኩ ታስተላልፋለች።

"አክስቴ ዓይኗ አይሸወድም፤ ቀለሙን በትክክል ማየት ትፈልጋለች። በጠዋት ጥላ አንሺልን። ዘይት ካለው ጥረጊው። ከክሩም አውልቂውና የምስር ክክ ላይ አፍስሽው።"

ሴትዮዋ ሌላ ድምፅ ላከች፤ ሳቋ ይቀድማል። "ያ ሐጃ፣ እሜቴ፣ መርጃን ነው የምትገዢው ወይስ ሾርባ ልትሠሪ ነው?"

የምስሩ ነገር የራሴ ዘዴ ነው። ምስር ክክ ገዳሪፍም ሆነ ከሰላ አንድ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ወደብ ነው የሚጫነው። እኔ የኔን ምስር በመዳፌ ይዤ ከስልኩ አጠገብ አደርጋለሁ። በፎቶው ላይ ያለው ምስር ከኔው ከቀላ፣ ስልኩ እየዋሸ ነው። እኩል ከሆነ ግን መርጃኑም እውነቱን ነው የሚያሳየኝ።

ፎቶው በማግስቱ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን። ገበያ ወጥቼ የሸጥኩትን አላውቅም፤ ኪስራ፣ ያገሩን እንጀራ፣ አቅርበውልኝ እጄ ሳይነካው ደርቆ ተነሣ። ልጆቹ ሲጣሉ እየሰማሁ አልሰማም። አንዴ ዝናሽን በበረሃ አንገቷ ራቁቱን አያታለሁ፤ አንዴ ደግሞ ወጥ ቤት ቆማ በርበሬ የሌለው ምግብ እያማሰለች። ራውዳ አላስቻላትም፤ ጠየቀቻት። "ትንሽ ታገሡኝ፣ ዝናብ ነው፣ ጥሩ ብርሃን የለም" አለች ሴትዮዋ፤ የዚያን ቀን አልሳቀችም።

መጣ በመጨረሻ። ከሰዓት በፊት ነው፤ ራውዳ ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ሞላ ሳህን ይዛ መጣች። ምስሩ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ተዘርግቷል፤ በላዩ መርጃኑ ፈሷል፣ ፍሬ ፍሬው። የኔን ምስር አፍሼ አጠገቡ ያዝኩ። አንድ ነው። እንደ ወንድምና እህት። ቀስ ብዬ ዓይኔን ወደ መርጃኑ አነሣሁ።

ቀይ ነው። ንጹሕ፣ ጎኑ ሁሉ የጠገበ፣ አመድ ያልነካው ቀይ።

"አይደለም" አልኩ። "ራውዳ፣ አይደለም! የሷ አይደለም!" እልል አልኩ፤ ገበያው ዞሮ አየኝ። ራውዳም አቅፋኝ አለቀሰች። ያንን ምስር ይዤ ቤት ገብቼ ቀቀልኩት፤ ልጆቹም በሉ፣ እኔም ከስንት ቀን በኋላ በላሁ። እህቴን ማንም አልዘረፋትም፤ መርጃኗ አንገቷ ላይ ነው አልኩ። ለሴትዮዋ ይቅርብን፣ እናመሰግናለን አልናት። "ይህን ሁሉ አድርጌላችሁ?" ብላ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው።

ደስታው ያቺን ቀን ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ያው ባዶ ነው። እንዲያውም ከበፊቱ ይብሳል፤ በፊት ቢያንስ የምጠብቀው ፎቶ ነበረኝ። ተስሪህ አልጠየቅኩም፣ ወደ ከሰላም አልሄድኩም፤ ለምን ብዬ? ዝናሽ እስከ ዛሬ አልደወለችም። ልጆቼ አደጉ፣ ስልክ ቁጥሬን ግን ቀይሬ አላውቅም።

ይኸው ለዚህ ነው ሜሮን፣ ከስልክ ላይ ቀለም አላውቅም ያልኩሽ። ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ያኔም ዓይኔ አልተሳሳተም፤ ያየሁትን በትክክል ነው ያየሁት፤ ምስሩም አልዋሸኝም። መርጃን ከፈለግሽ ሂጂና በእጅሽ ያዢው። የያዘውንም ሰው ፊት እይው፤ ከየት አመጣኸው ብለሽ ጠይቂው፤ አትፈሪ።

ራውዳ ኋላ ከሰላ ተዳረች። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔ ዘንድ ገባች፤ ሻይዋን ሳትነካ ተቀመጠች። የዶቃዋን ሴትዮ ከሰላ ገበያ ውስጥ አግኝታት ነበር። ሴትዮዋ በድምፅዋ አውቃት፣ የምስሯ ሐጃ ደህና ናት ወይ ብላ ስትስቅ ነው ነገሩን የነገረቻት። ለካ ያኔ ዘይቱን ጠርጋ ከክሩ ስታወልቀው ያ መርጃን አመድ መስሎ ወጣባት። እንዲህ ቀለም ለምታውቅ ገዢ ይህን ማሳየት አፈረችና፣ ያ ሽያጭ እንዳያመልጣት ከራሷ አንገት ጥሩውን አውልቃ ምስሩ ላይ አፈሰሰችው። አመዳሙን ያመጣችላት አንዲት ቀጭን ሐበሻ ልጅ ነበረች፤ ወደ እህቷ ለመመለስ የመሳፈሪያ ፈልጋ። እኛ ፎቶ ስንጠብቅ በነበርንባቸው ቀኖች፣ ልጅቷ በየጠዋቱ ሴትዮዋ በር ላይ እየመጣች "ተሸጠልኝ ወይ?" እያለች ትጠይቅ ነበር።