እማማ ውባንቺና ሁለተኛው ሩጫ

ታማር እማማ ውባንቺን በቅጡ አታውቃቸውም። የምታውቀው ቤርሼባ ውስጥ ሽኩና ቫቭ የሚባል ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያጸዱና ከጎንደር ከመጡ ጥቂት ዓመታት እንደሆናቸው ብቻ ነው። እሱንም የነገረቻት አክስቷ ናት። እንዲያም ሆኖ በፈረንጆቹ 2009 መግቢያ፣ ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት ቤርሼባ መድረስ በጀመረ ሰሞን፣ ስለ እሳቸው ፊልም ልትሠራ ካሜራማኑን ኤያልን አስከትላ ቤታቸው ገባች።

ሰላምታው ሳያልቅ አዛቃው ጮኸ። ኤያል የማስጠንቀቂያውን ድምፅ እንደሰማ ካሜራውን ሶፋ ላይ ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። እማማ ውባንቺ የታማርን ክንድ ይዘው ምድር ቤት ሚክላቱ ሲደርሱ፣ እሱ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«አንተ ጎበዝ፣ ቀድመህ መንገዱን ስለጠረግህልን እግዜር ይስጥህ!» አሉት። መሸሸጊያውን የሞላው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ታማር ስትተረጉምለት እሱም ሳቀ።

ችግሩ፣ ዋናው ነገር ሳይቀረጽ መቅረቱ ነው። ቤት ሲመለሱ ታማር አፈር እያለች፣

«እማማ፣ ያንን ሩጫ እንደገና ቢሮጡልኝስ?» አለች።

«አሁን? ሮኬት ሳይኖር?»

«ድምፁን ኤያል በኋላ ይጨምረዋል።»

«ቆይኝ እንግዲያ» ብለው ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ነጠላ አጣፍተዋል፤ ጉትቻም አድርገዋል።

«እማማ! እንዲህ አጊጦ ከሮኬት የሚሸሽ አለ?»

«ሰው ካሜራ ፊት በቤት ልብስ ይቆማል እንዴ? እናትሽ አልነገረችሽም?»

«ቅድም የሮጡት በቤት ልብስ ነው። እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነት ትያለሽ፣ ደሞ ያለ ሮኬት ሩጪ ትያለሽ። በይ አንዱን ምረጪ!»

«ምን አሉ?» አለ ኤያል በዕብራይስጥ።

«ምንም» አለችው፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

እማማ ውባንቺ ተቀመጡ። «ፊልሙ ጎንደር ይታያል?»

«ሊታይ ይችላል። ምነው?»

«እህቴ አጸደ ከነልጆቿ እዚያ ናት። የመምጫ ፈቃድ ስትጠብቅ ዓመታት አለፏት። ስሸሽ ካየችኝ ፈርታ እዚያው ትቀርብኛለች። አምሮብኝ ካየችኝ ግን...»

ኤያል ካሜራውን ከፍቶ ኖሯል። ታማር በእጇ ምልክት ሰጥታ አስጠፋችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«በስልክ ስታወሩ፣ እዚህ ሮኬት እንደሚወድቅ ነግረዋታል?» አለች።

እማማ ውባንቺ የነጠላቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«ይሄን እንኳ አልመልስልሽም፣ ልጄ።»