ያልቀመስኩት ሩዝ

አንድ ምግብ አለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሠራ አይቼዋለሁ፣ በገዛ እጄም ሠርቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን ቀምሼው አላውቅም። ሩዝ በሥጋ ነው። ሥጋው የእስላም ነው፣ እኔ ደግሞ ማተቤን ያሰርኩ ክርስቲያን ነኝ። መርካቶ ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን ልንገረው፦ እዚህ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ልጅ አብሮ ያሳድጋል፣ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ሥጋውን ግን ለየብቻ ይበላል። በዚህ የሚቀየም ሰው አላየሁም።

ጎረቤቴ የቅመም ነጋዴ ሚስት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሲሞቱ ሱቁን ራሳቸው ያዙት። በእናቴ ዕድሜ ናቸው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሳቸው ሲያስሉ እኔ ቤት ይሰማል። እኔ ሸማ ተራ ነጠላ እሸጣለሁ። ዓርብ ዓርብ ግን እሳቸው ሩዝ ሲሠሩ ሱቄን ለእህቴ ትቼ ማድ ቤታቸው በር ላይ በርጩማ ስቤ እቀመጥ ነበር። ለመማር ብዬ አይደለም፣ ወሬያቸውን ስለምወድ ነው።

ጎድኑን ከሽንኩርት፣ ከቀረፋና ከሄል ጋር ይቀቅሉታል። ጨው የሚገባው እዚያ ላይ ነው፣ ከሥጋው ጋር። መረቁን አጥልለው ያስቀምጡና ሌላ ሽንኩርት በዘይት እስኪቀላ ይጠብሳሉ፤ ከሙኑ፣ ቅርንፉዱ፣ ቁንዶ በርበሬው ይከተላል። የታጠበው ሩዝ ይገባል፣ ሥጋው ይመለሳል፣ መረቁ ይፈስበታል፤ ልኩ ከሩዙ በላይ የጣት አንድ አንጓ ነው። ፈሳሹ ሲመጠጥ ከእኔ ሱቅ በሚወስዱት የሸማ ቁራጭ ክዳኑን ጠቅልለው እሳቱን ዝቅ ያደርጋሉ። ጨርቁ እንፋሎቱን ይጠጣል፣ ሩዙም አይላቁጥም።

ለእኔ ትንሽ ድስት ነበረችኝ፤ ሥጋ ነክቷት አያውቅም። ዓርብ ጾም ስለሆነ ያንኑ ሩዝ ያለ ሥጋ፣ በውሃና በዘይት ይሠሩልኛል። በእሷ ላይ ጨዉ የሚገባው ከሩዙ ጋር ነው። እንግዲህ እኔ የማውቀው ጣዕም የትንሿን ድስት ብቻ ነው።

ጎረቤቴ በጨው ጉዳይ ምሕረት የላቸውም። ወጡ አልጫ ከሆነባቸው ሰርግ ቤትም ቢሆን የሙሽራዋ እናት ፊት «ጨው ተወደደ እንዴ?» ይላሉ። አንዴ የእኔን ሽሮ ቀመሱና «ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፣ አንቺ ግን ዕድሉንም አልሰጠሽው» አሉኝ። አኮረፍኩ። ሁለት ቀን ዘጋኋቸው። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ሽሮ ሠርተው አመጡልኝ። የእሳቸው ይበልጥ ነበር፣ ምን ይደረጋል።

ባለፈው ክረምት ታመው ሆስፒታል ሰነበቱና ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ መብላት ተዉ። አሁን ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ሾርባ ታመጣለች፣ ገንፎ ታመጣለች፤ ሁለት ማንኪያ ወስደው ይገፉታል። «መድኃኒቱ ምላሴን ገደለው፣ ሁሉም አመድ አመድ ይለኛል» ይላሉ። ሐኪሙ ካልበሉ ከአልጋ አይነሱም ብሏል። ጣታቸው ከመክሳቱ የተነሳ ቀለበታቸው እንዳይወልቅ ልጅቷ ክር ጠመጠመችበት። 

አንድ ሐሙስ አጠገባቸው ቁጭ ብለን ሳለ «ያ ሩዝ አማረኝ» አሉ። ልጅቷ ደነገጠች። እሷ የምትችለው ከሱቅ መልስ በችኮላ የሚበስለውን ነው፤ የእናቷን አሠራር ቁጭ ብላ አላየችም። ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። እሳቸውም ያውቁታል።

«አንቺ ትሠሪዋለሽ» አሉኝ።

«ሳልቀምስ እንዴት አድርጌ?»

«ሠላሳ ዓመት በር ላይ ያፈጠጥሽው ምን ልታዪ ነበር ታዲያ?»



በማግስቱ ጠዋት ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት ገባሁ። ሻጩ ማተቤን አየና በትሕትና «እትዬ፣ የእናንተ ማዶ ነው» አለኝ። «አውቃለሁ፤ ጎድን መዝንልኝ፣ አጥንቱ በዛ ይበል» አልኩት። መዘነልኝ።

ማድ ቤታቸው ገባሁ፤ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ማማሰያውም የእሳቸው ነው። ልጅቷ ሱቅ ሄዳለች፣ የሚቀምስልኝ ሰው የለም። በዓይኔና በአፍንጫዬ ሠራሁት። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው «ሽንኩርቱ ቀላ?» ይሉኛል፣ «ቀላ» እላለሁ። የሸማ ቁራጩን ከክዳኑ ላይ ስፈታ የወጣው ሽታ የድሮው ነው፤ እሱን አልሳሳትም።

በሳህን አቀረብኩላቸው። በእጃቸው ጎረሱ። ደገሙ። እኔ የጨዉን ነቀፋ እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ። ምንም አላሉም። ሳህኑን ጨርሰው «ጨምሪልኝ» አሉ። ከታመሙ ወዲህ ጨምሪልኝ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። በጣም ደስ አለኝ፤ ማድ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

ልጅቷ ከጁምዓ በኋላ መጥታ ከድስቱ አወጣች። አንድ ጎረሰችና ቆመች። እንደምንም ዋጠችው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣችበት። ወደ በሩ ወስዳኝ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምረውበታል» አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። አንዱን ከሥጋው ጋር ጨምሬያለሁ፣ እንደ ትልቁ ድስት። ሌላውን ከሩዙ ጋር፣ እንደ እኔ ድስት። የሚቀምስ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ያስደነገጠኝ ግን ስህተቴ አልነበረም። ሰርግ ቤት ሳይቀር ለጨው ሰው የሚያዋርዱ ሴት ያንን ሩዝ ሁለት ሳህን በልተው ቃል አልተነፈሱም። ምላሳቸው ጭራሽ ሄዷል፣ የበሉትም እኔን ላለማሳፈር ነው ብዬ ደመደምኩ። እንባ ቶሎ የሚመጣልኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ሾርባውን እየገፉ ሰነበቱ። በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና ሠራሁ። በዚህኛው ልጅቷን ሱቅ እንዳትሄድ አስቀርቼ፣ ጨዉን አንድ ጊዜ ብቻ ከሥጋው ጋር ጨመርኩና አስቀመስኳት። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። «ልክ ነው፤ የእማዬ ነው» አለች።

ሳህኑን አቅርበን ሁለታችንም አልጋው አጠገብ ቆምን። ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። ከዚያ ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ያለፈው ሳምንት ይሻል ነበር» አሉ። «ምነው፣ ጨው ተወደደ እንዴ?»

ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት። ሳህኑን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ፣ ጨው በእጄ አፍሼ ጨመርኩበት፣ አማስዬ መለስኩላቸው። ጨርሰው በሉት።