ኦቦ ቶላና የስፒከሩ ጉምጉምታ

ቡራዩ ቤቴ የገባው አዲሱ ስፒከር "እምምም" ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲህ መስማት ያስተማሩኝ የሰበታ ጎረቤታችን፣ ዓይነ ስውሩ ሬዲዮ ሠሪ ኦቦ ቶላ ናቸው።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የቴፓችን ጉምጉምታ ካሴት ላይ የቀረውን የሟች አባቴን ድምፅ ውጦት እናቴ ተክዛ ኦቦ ቶላን አስጠራች። እሳቸው ግን ቴፑን አልፈቱትም። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው፣ "ኮቱ፣ ነይ፤ ቴሌቪዥኑን ንቀይው" አሉኝ። ነቀልኩት። ጉምጉምታው ጠፋና አባቴ ሲስቅ ተሰማ።

"ቴሌቪዥኑ ምን አገባው?" አልኳቸው።

"ከቴፑ ጋር በገመድ ተሳስሯል፤ የተሰኩት ግን ሁለት ቦታ ነው። መብራቱን ከአንድ ሶኬት ይጠጡ፤ ያኔ አይጣሉም።"

መብራት እንዴት እንደሚጠጣ ሳሰላስል ከረምኩ።

ዛሬም ስፒከሩንና በገመድ ያገናኘሁትን ቴሌቪዥን አንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ሰካኋቸው። ጉምጉምታው ቆመ። ዓይኔን እንደገና ጨፍኜ ትንሽ ቆየሁ፤ አባቴ የሚስቅ መስሎኝ።