ኮምቦልቻ ወርዳ ፀሐይ የጠገበች ሰዓት

በ1972 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ደሴ ውስጥ ፀሐይ የናፈቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ሙሄዲንን ያህል የናፈቃት ግን አልነበረም። የሚያስገርመው፣ ሙሄዲን የሚተዳደረው በዝናብ መሆኑ ነው። ሆጤ ሠፈር ውስጥ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ጥግ ተቀምጦ ጃንጥላ ይጠግናል፤ የታጠፈ ሽቦ ያቃናል፣ የተቀደደ ጨርቅ ይጥፋል፣ የወለቀ እጀታ ይመልሳል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው ደንበኛው በሰልፍ ይመጣል።

ከዚህ ሌላ ግን አንድ ሥራ ነበረው፤ እሱም ከጃንጥላው ይልቅ የሚኮራበት። በሠፈሩ ትንሽ መስጊድ ሙአዚን ነው። ድምፅ ማጉያ አልነበረም። ከመስጊዱ ደጃፍ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በገዛ ጉሮሮው አዛን ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆጤ በዚያ ድምፅ ሰግዳለች፣ በዚያ ድምፅ ፆሟን ፈትታለች።

ይህ ሁሉ አምና አንድ ምሽት ላይ ተናጋ። ሙሄዲን የፆም መፍቻውን፣ የመግሪብን ሰዓት የሚያውቀው ማዶ ያለውን የአዝዋ ገደልን አይቶ ነበር፤ የመጨረሻው ብርሃን ከገደሉ አናት ሲነሣ ደረጃውን ይወጣል። አምና ረመዳን ክረምት ላይ ዋለና ጭጋጉ ገደሉንም ተራራውንም ዋጣቸው። ሙሄዲን ጊዜው የደረሰ መሰለውና አዛን አለ። ሠፈርተኛው ቴምሩን ጎረሰ፣ ሾርባውን ፉት አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጭጋጉ ተቀደደና ፀሐይ ጦሳ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየች!

ያን ቀን ሠፈሩ በሙሉ ቀዷ ገባበት፤ ከረመዳን በኋላ አንድ ቀን ደግሞ መፆም ግድ ሆነ። ከበረንዳው አጠገብ የሚሠራው ልብስ ሰፊው ጀላል ደግሞ ዓመት ሙሉ መሳቂያ አገኘ።

«ሙሄዲን፣ ዛሬስ ፀሐይዋን አስፈቅደሃታል?» ይለዋል መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ። «እንዳትቀየምህ ብዬ ነው።»

ሙሄዲን አብሮ ይስቃል፤ ሆዱ ግን አይስቅም። አንድ ዓርብ ከሰላት በኋላ የመስጊዱ ሽማግሌ ሼህ ይማም ፊት ቀርቦ፣ «ሁለተኛ ከተሳሳትኩ ከዚያ ደረጃ ላይ ድምፄ አይሰማም፤ ሌላ ሰው ትተካላችሁ፤» አለ። ሼሁም ጺማቸውን ዳሰሱ እንጂ ተው አላሉትም።

ወሬው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ የምትሠራው ልጁ መርየም ዘንድ ደረሰ። በሰኔ ወር፣ ከሐጅ መንገደኞች ጋር የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ትንሽ ጥቅል ይዞ መጣ። ውስጡ የእጅ ሰዓት ነበረች። ዘንግ የላትም፤ ፊቷ ላይ ጥቋቁር ቁጥሮች ናቸው የሚቀያየሩት። ከቁጥሮቹ በላይ እንደ ጥንዚዛ ክንፍ የሚያብረቀርቅ ጥቁር መስታወት አለባት። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ ይህች ሰዓት አትሞላም፣ ድንጋይም አይገዛላትም። ቀለቧ ፀሐይ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይስቅብህም።»

ሙሄዲን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበ። ሰዓቲቱን አጥልቆ ወደ ደጅ ሊወጣ ሲል ሚስቱ ሸሪፋ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ለሰው ላሳያት!»

«በነቢ! ከጅዳ የመጣ ዕቃ ሰው ዓይን ላይ ልትጥል? አውልቃት። ረመዳን ሲገባ ታስራታለህ።»

ሸሪፋ ሰዓቲቱን በነጭ ሻሽ ጠቀለለቻት፤ ሻሹን በፎጣ፣ ፎጣውን በጋቢ ጠቅልላ ከሣጥኑ ሥር ቀበረቻት። የከበረ ዕቃ የሚያዘው እንዲያ ነው፤ ሙሄዲንም ነገሩ ልክ መሰለው። ሦስት ሳምንት አልፎ የረመዳን ዋዜማ ሣጥኑ ሲከፈት ግን በሰዓቲቱ ፊት ላይ አንድም ቁጥር አልነበረም።

«ሞታለች!» አለ ሙሄዲን።

«ምን አድርገናት?» አለች ሸሪፋ፣ ሻሹን እንደያዘች።

ያኔ የልጁ ቃል ትዝ አለው። ቀለቧ ፀሐይ ነው! በራብ ነው የገደሏት። እየሮጠ ወጣ፤ በደመና መካከል ብቅ ባለች ጭላንጭል ሥር ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። አንዲት ጭረት ታየች፤ ቀጥላ ሌላ፤ ከዚያ ቁጥሮቹ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። «ሸሪፋ! ነፍስ ዘራች!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ ከዓይን ተሸሽጋ የከረመችውን ሰዓት ሆጤ በአንድ ጊዜ አየቻት።

ከቀበሌው ሬዲዮ ጋር አስተካከላት። አሥር ቀን ሙሉ አንዲት ሰከንድ እንኳ አልተዛነፈችም። መስጊዱ ውስጥ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ያሰሩ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱም ሰዓቶች የተለያየ ነገር ይናገሩና በየምሽቱ ያከራክሩ ነበር። ሼህ ይማም አንድ ቀን፣ «ይብቃ። ከእንግዲህ በሙሄዲን ሰዓት ብቻ፤» ብለው ፈረዱ። ሙሄዲን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ደስታ ነው ወይስ ፍርሃት፣ ራሱም አላወቀም። የከተማው ቃዲ ያወጡትን የየዕለቱን የሰላት ሰሌዳ ኪሱ ከተተ፤ የግራ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ መሥራት ጀመረ። ብርዱ ክንዱን ቢያንዘፈዝፈውም እጅጌውን አላወረደም።

ከዚያ ጭጋጉ መጣ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት ቀን። ጃንጥላው ተቆለለ፤ ቁጥሮቹ ግን እየፈዘዙ ሄዱ። ሸሪፋ ማሾ አብርታ አጠገቧ ብታስቀምጥላት ወይ ፍንክች። በረመዳን አሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ሙሄዲን ሰዓቱን ለማንበብ ዓይኑን ማጥበብ ነበረበት። ብትቆም ደግሞ ክርክሩ ይመለሳል፤ ከክርክሩ ስሕተቱ፤ ከስሕተቱ ያ የሰጠው ቃል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለ የአውቶቡስ ሾፌሩ እንየው የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ መጣ።

«ቶሎ ሥራልኝ አያ ሙሄዲን። የምፈልገው ለደሴ ነው እንጂ፣ ኮምቦልቻስ ትናንት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።»

ሙሄዲን መርፌውን ጣለ። «ምን አልክ?»

«አናት ይበሳ ነበር አልኩ። ምነው?»

«መቼ ነው የምትወርደው?»

«አሁን።»

ሙሄዲን እየተጣደፈ ዕቃውን ሰበሰበ። በአሥር ሰዓት ተነሥቶ በአሥራ አንድ ሆጤ እንደሚሆን ለሸሪፋ ነግሮ፣ እስከዚያ ያለውንም አዛን ለሼህ ይማም አደራ ብሎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ ጭጋጉ መስኮቱን ይልስ ነበር። ድንገት፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ከሥሩ ወጡ። ኮምቦልቻ ከነሜዳዋ በወርቅማ ብርሃን ተጥለቅልቃ ታየች! ሙሄዲን ክንዱን በመስኮቱ አወጣ። «ብዪ! ብዪ የኔ እናት!» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፈራና ራቅ አለ።

ቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክንዱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ፀሐዩ ሲዞር እሱም ይዞራል። ጉሮሮው ደርቋል፤ ግን በየሩብ ሰዓቱ ቁጥሮቹ ሲጠቁሩ ሲያይ ጥሙን ይረሳዋል። ቴምር ይዛ ወደ ገበያ የምታልፍ ጣይባ የምትባል ሴት አይታው ቆመች።

«አባ፣ እጅዎን አመመዎት?»

«የለም ልጄ። ሰዓቴን እያበላሁ ነው።»

«በረመዳን? በጠራራ ፀሐይ?»

«እሷ መንገደኛ ናት፤» አላት ሙሄዲን፤ «ፆም የለባትም።»

ጣይባ እስክትፈርስ ሳቀች። በአሥር ሰዓት የእንየው አውቶቡስ ሲነሣ እሷም ከነዘንቢሏ ነበረች፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ ክር ሊገዛ ወርዶ የነበረው ጀላል ተቀምጧል።

ሐረጎ ወገብ ላይ ሲደርሱ አውቶቡሱ ቆመ። ከፊታቸው የጦር ካሚዮኖች ተራ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ አንደኛው መታጠፊያው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋ። አንድ ወታደር ሾፌሮቹን፣ «ዳር ያዙ!» አለ። ያዙ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ሆነ። ጭጋጉ እንደገና ወርዶ የሰዎቹን ፊት እንኳ አደበዘዘው። ሙሄዲን በእግሩ ልሂድ ብሎ ወረደ፤ እስከ መግሪብ ደሴ በእግር የማይደረስባት መሆኑን አስቦ ተመለሰ። የመስጊዱ ደረጃ ባዶውን ሊያመሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቀርቶበት የማያውቀው መግሪብ፣ ያውም በዚህ ዓመት!

አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ ሁካታ ተነሣ።

«የኔ ሰዓት አንድ ሊል ነው፤ አፍጥሩ!» አለ አንዱ።

«የኔማ ገና አሥራ ሁለት ተኩል ነው!»

«እንየው፣ ያንተስ?»

«የኔን አትጠይቁኝ፤» አለ እንየው፣ «ከትናንት ወዲያ ቆማለች። ለጌጥ ነው የማስራት።»

«አባ ሰዓት አላቸው!» አለች ጣይባ። «ቀኑን ሙሉ ሲቀልቧት ነው የዋሉት!»

ሁሉም ወደ ሙሄዲን ዞረ። ጀላል ከኋላ ተነሣ።

«ሰዎች፣ እሱን እንዳትሰሙት! መሸ ካለ ሩብ ሰዓት ጨምሩበት፤ እኛ የሆጤ ሰዎች ለምደነዋል።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። የሙሄዲን ጆሮው ጋለ። ዝም ሊል ፈለገ፤ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ግን ክንዱን ሲያነሣ ቁጥሮቹ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቁልጭ ብለው ጠቁረዋል። አሥራ ሁለት ከአርባ አንድ።

«ጀላል እውነቱን ነው፤» አለ። ሳቁ ቆመ። «አምና ተሳስቻለሁ፤ ሰው ሁሉ በእኔ ጥፋት ቀዷ ጾሟል። ሰሌዳው ግን ዛሬ ፀሐይ የምትገባው በአርባ ሰባት ነው ይላል። እኔ ለጥንቃቄ ሁለት ደቂቃ ጨምሬ በአርባ ዘጠኝ አዛን እላለሁ። ማመን የእናንተ ነው።»

ወደ በሩ ሄደና መርገጫው ላይ ቆመ። ጣይባ ቴምሩን ለሁሉም አከፋፈለች፤ ለእንየውም ሰጠችው፣ እሱም ሳይበላ ያዘው። አርባ ሦስት። አርባ አምስት። አርባ ሰባት አለፈ። ቁጥሩ ወደ አርባ ዘጠኝ ሲገለበጥ እጁን ጆሮው ላይ አደረገና ያን ሆጤ የምታውቀውን ድምፅ በሐረጎ ጭጋግ ውስጥ ለቀቀው።

ጨረሰ። ዞሮ አየ። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ቴምር በጣቱ ይዞ እርስ በርስ ይተያያል። ከጎማው በታች የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል።

ጀላል ቴምሩን አየ፤ ሙሄዲንን አየ። «ቢስሚላህ፤» አለና ጎረሰ።

ከዚያ ሁሉም ጎረሰ። ገና እያኘኩ ሳለ፣ ከሥር ከሸለቆው፣ ጭጋግ ካልደረሰበት መንደር፣ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ አላሁ አክበር! አንዲት ሴት እልል አለች። እንየው ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ጀላል በወንበሮቹ መካከል እየተጋፋ መጥቶ የሙሄዲንን ትከሻ ጨበጠ።

መንገዱ ሲከፈት መግሪብን ከመንገዱ ዳር ሰግደው ጨርሰው ነበር። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሙሄዲን እየሮጠ መስጊዱ ደጃፍ ደረሰ። ሼህ ይማም ፋኖስ ይዘው ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን አምስቱ ባለ ሰዓቶች።

«የት ነበርክ አንተ ሰው? አምስት የእጅ ሰዓት ይዘን ስንጨቃጨቅ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ጠብቀን አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው ያፈጠርነው። አንጀታችን ታጠፈ!»

«ሼህ፣ ቃሌን አልረሳሁም። ዛሬ መግሪብ በቦታዬ አልተገኘሁም። ከፈረዳችሁብኝ...»

«ሐረጎ ላይ አዛን ብሏል፤» አለ ጀላል ከኋላ፣ እያለከለከ። «መጀመሪያ ያፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ጀላልን አዩት፤ ሙሄዲንን አዩት። ፋኖሱን ከፍ አድርገው ወደ ሙሄዲን ክንድ አስጠጉ።

«የኢሻ ሰላት ስንት ደቂቃ ቀረው?»

ሙሄዲን ጎንበስ ብሎ አነበበ። «አራት፣ ሼህ።»

«ታዲያ ምን ትቆማለህ?» አሉት። «ውዱእ አድርግና ደረጃውን ውጣ እንጂ!»